የሞጁል፣ የማከማቻና የልቀት ድንበሮች

ትልቅ ሶፍትዌር በሞጁል ተከፋፍሎ ሲሠራ፣ ምንጭ ኮዱ በስንት ማከማቻ እንደሚቀመጥና በስንት ልቀት ተጠቃሚው ዘንድ እንደሚደርስ መወሰን የግድ ይሆናል። በሚከተለው ምልልስ ጠያቂው ክፍፍልን ወደሚደግፈው ወገን ያዘነብላል፤ መላሹ ደግሞ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች እንደ አንድ ውሳኔ መታየታቸውን ይሞግታል። የሁለቱም ማስረጃ በአብዛኛው ሥራቸው በይፋ ከሚካሄድ ፕሮጀክቶች የተወሰደ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠያቂ፦ አንድ ፕሮጀክት ሞጁላዊ ነው ከተባለ ለእያንዳንዱ ሞጁል የራሱ ማከማቻ፣ ለእያንዳንዱም ማከማቻ የራሱ የልቀት መርሐ ግብር ሊኖረው ይገባል የሚል አስተያየት በገንቢዎች ዘንድ በብዛት ይሰማል። ክፍሎቹ በእርግጥ ከተለያዩ ሁሉንም በአንድ ጎተራ ማጎር ምን ይጠቅማል?

መላሽ፦ አስተያየቱ የሚስተው ከመነሻው ነው፤ ሦስት ነገሮችን እንደ አንድ ይቆጥራልና። ሞጁል የአስተሳሰብ ድንበር ነው፤ ዴቪድ ፓርናስ ሶፍትዌር በምን መመዘኛ ሊከፈል እንደሚገባ በ1972 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ጥሩ ሞጁል ወደፊት ሊለወጥ የሚችልን አንድ ውሳኔ በውስጡ ይደብቅና ለሌሎች ጠባብ በር ብቻ ይተውላቸዋል፤ ይህም በር በሙያው ኢንተርፌስ ይባላል። ማከማቻ ወይም ሪፖዚቶሪ ደግሞ የታሪክ ድንበር ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚመዘገብበት ሲሆን፣ ጊትን በመሳሰሉ መሣሪያዎች እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ኮሚት ይባላል፤ አንድ ኮሚትም ከአንድ ማከማቻ ወሰን አያልፍም። ልቀት ወይም ሪሊዝ የቃል ኪዳን ድንበር ነው፤ ገንቢው ይህ ቁጥር የተሰጠው ሥራ ተፈትኗል፣ ስህተት ቢገኝበትም ይታረማል ብሎ ለውጭ ሰው የሚገባው ቃል ነው። ሦስቱ ድንበሮች በአንድ መስመር ላይ የሚገጥሙበት ጊዜ አለ፤ መግጠማቸው ግን ሕግ አይደለም።

ጠያቂ፦ ሕግ ባይሆንም ቢገጥሙ ነገሩ ይቀላል። ድራይቨር የሚጽፈው ድራይቨሩን፣ ላይብረሪ የሚጽፈውም ላይብረሪውን ይዞ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ የአንዱ መዘግየትም ሌላውን አያስርም።

መላሽ፦ ይህን ጥቅም ያገኘም፣ ዋጋውን የከፈለም አንድ ፕሮጀክት አለ፤ እርሱም ኤክስ ዊንዶው ሲስተም ነው። ኤክስ በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ መስኮቶችን በስክሪን የሚያሳይ፣ ከኪቦርድና ከማውስ የሚመጣውንም ለፕሮግራሞች የሚያደርስ ሥርዓት ሲሆን፣ በ1984 በኤምአይቲ ተጀምሮ በ1987 ዛሬም የሚሠራበት 11ኛው የፕሮቶኮል እትም ወጣለት። ለረጅም ዘመን ሰርቨሩ፣ ላይብረሪዎቹ፣ ድራይቨሮቹ፣ ፎንቶቹና ትናንሽ አገልግሎት ሰጪ ፕሮግራሞቹ ሁሉ በአንድ ግዙፍ የፋይል ዛፍ ውስጥ ይቀመጡና አይሜክ በተባለ አሮጌ የግንባታ መሣሪያ በአንድነት ኮምፓይል ይደረጉ ነበር። የዚህ አደረጃጀት ጉዳት በተለይ በድራይቨር ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር፤ ድራይቨር ማለት ሰርቨሩ ከስክሪን ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል በመሆኑ አዲስ ካርድ ለገበያ በቀረበ ቁጥር መሻሻል ያስፈልገዋል፤ ሆኖም በአንድ ድራይቨር ላይ የተደረገች ትንሽ እርማት ተጠቃሚው ዘንድ በይፋ የምትደርሰው ፎንቱም ላይብረሪውም ሁሉም ነገር ተሰናድቶ አንድ ትልቅ ልቀት ሲወጣ ነበር።

ጠያቂ፦ እንግዲያው መከፈሉ ተገቢ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ተጠቃሚውን ሳይጎዳ እንዴት ሊከፈል ቻለ?

መላሽ፦ በአሠራሩ ውስጥ ሊጠና የሚገባው ብልሃት አለ። በ2004 በፈቃድ ውል ጭቅጭቅ ሳቢያ ልማቱ ኤክስፍሪ86 ከተባለው ፕሮጀክት ወጥቶ ወደ ኤክስ ዶት ኦርግ ከተሻገረ በኋላ ገንቢዎቹ ዛፉን ከ200 በላይ ፓኬጆች አድርገው በታተኑት፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ አውቶቱልስ የተባሉትን አዲስ የግንባታ መሣሪያዎች ይዞ ለብቻው እንዲገነባ ተደረገ። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 21 ቀን 2005 የወጣው ልቀት አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር፤ 6.9 የተባለው በአሮጌው ዛፍና በአይሜክ፣ 7.0 የተባለው ደግሞ በአዲሱ ክፍፍል የቀረበ ሲሆን፣ የሁለቱም ምንጭ ኮድ አንድ ዓይነት ነበር። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ስህተት በ7.0 ታይቶ በ6.9 ካልታየ ጥፋቱ የግንባታው እንጂ የኮዱ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል። ማከማቻን በሚያደራጁበት ወቅት የፕሮግራሙን ጠባይ አብሮ መለወጥ አይገባም የሚለው መመሪያ ከዚህ በተሻለ ምሳሌ ሊገለጽ ያስቸግራል፤ ሁለቱ ለውጦች ከተደባለቁ ለተፈጠረው ችግር ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልምና።

ጠያቂ፦ ከዚያ በኋላ የተከፈለው ዋጋ የቱ ላይ ነው?

መላሽ፦ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር አብሮ ይሠራል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በአንድ ዛፍ ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ አብረው የተቀመጡት አብረው የተፈተኑ ነበሩ። ክፍሎቹ በየራሳቸው ቁጥር መውጣት ሲጀምሩ ግን ለእያንዳንዱ ሰርቨር የትኛው ድራይቨር እንደሚስማማ በግልጽ መመዝገብ አስፈለገ። ለዚህም ሰርቨሩ ኤቢአይ የሚባል ቁጥር ይይዛል፤ ኤቢአይ ማለት ኮምፓይል ተደርገው ያለቁ ሁለት ፋይሎች በማሽን ደረጃ የሚግባቡበት ውል ሲሆን፣ ሰርቨሩ ድራይቨሩን ወደ ሜሞሪ ሲጭን ድራይቨሩ የተገነባበትን ዋና ቁጥር ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመም አልቀበልም ይላል። በመሆኑም ሰርቨሩ ያንን ዋና ቁጥር በለወጠ ጊዜ ሁሉ ድራይቨሮቹ በሙሉ እንደገና መገንባት አለባቸው፤ ምንጭ ኮዱ ያልተገለጠለትን ድራይቨር የሚጠቀም ሰውም አምራቹ አዲስ ፋይል እስኪያወጣ ድረስ ይጠብቃል። ከዚህ እንደሚታየው ክፍፍሉ ጥገኝነትን አላጠፋም፤ በዛፉ ውስጥ ተሰውሮ የነበረውን ጥገኝነት በቁጥር ተጽፎ እንዲታይ አደረገው እንጂ።

ጠያቂ፦ ጥገኝነቱ በይፋ መጻፉ እንደ ጥቅም እንጂ እንደ ጉዳት ሊቆጠር አይገባም። የተሰወረ ጥገኝነት ከታወቀው ይከፋል።

መላሽ፦ እውነት ነው፤ ግን የተጻፈውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ኤክስ ዶት ኦርግ ለዚህ ሲል ከተከፈለ በኋላም የክፍሎቹን ጥምር እትም ያወጣ ነበር፤ ይህ ጥምር በገንቢዎቹ ዘንድ ካታማሪ ይባል የነበረ ሲሆን፣ አብረው የተፈተኑትን የየፓኬጁን ቁጥሮች በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣል። የመጨረሻው ካታማሪ፣ ማለትም 7.7፣ በ2012 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ይለቀቃል፤ ክፍሎቹን ማግባባትም የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽኖች ድርሻ ሆነ፤ ዲስትሪቢዩሽን ማለት ከየቦታው የሚወጡ ፓኬጆችን ሰብስቦ፣ ፈትኖና አስማምቶ ለተጠቃሚው የሚያቀርብ አካል ነው። ሥራው ባለቤት ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ክፍፍሉ ከመጠን ያለፈባቸው ቦታዎች ነበሩ ለማለት ነው?

መላሽ፦ ቢያንስ በአንድ ቦታ ገንቢዎቹ ራሳቸው በሥራ መስክረውበታል። ፕሮቶኮሉን የሚገልጹት ሄደር ፋይሎች፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ የቋሚ ስሞችና የመረጃ ቅርጾች ዝርዝር የያዙት ፋይሎች፣ በክፍፍሉ ጊዜ ለእያንዳንዱ የፕሮቶኮል ቅጥያ አንድ አንድ እየሆኑ በብዙ ማከማቻዎች ተበትነው ነበር። ብዙዎቹ ለዓመታት አይነኩም ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ የግንባታ ስክሪፕት፣ የራሱ የልቀት ሥርዓት ነበረው፤ ስክሪፕቶቹም ከጊዜ ጋር እድሳት ይሻሉ። በ2018 እነዚህ ሁሉ ኤክስኦርግ ፕሮቶ በተባለ አንድ ማከማቻ ውስጥ ተጠቃለሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዝርዝር ነገር አለ። ሌሎች ፕሮግራሞች በሚገነቡበት ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ላይብረሪ ወይም ሄደር መኖሩንና ቁጥሩን የሚጠይቁት ፒኬጂ ኮንፊግ በተባለ መሣሪያ አማካይነት ነው፤ መሣሪያውም መልሱን የሚያገኘው በእያንዳንዱ ፓኬጅ ስም ከተጻፈ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። አዲሱ ማከማቻ አንድ ቢሆንም እነዚያን አሮጌ ፋይሎች እያንዳንዳቸውን በቀድሞ ስማቸውና በየራሳቸው ቁጥር መጫኑን ቀጠለ፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም አሮጌውን ስም ጠርቶ ሲጠይቅ እንደ ቀድሞው መልስ ያገኛል። ማከማቻው ተዋሐደ፤ ቃል ኪዳኑ ግን እንደተከፋፈለ ቆየ። ሁለቱ ድንበሮች የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አይፈለግም።

ጠያቂ፦ ይህ ግን እምብዛም የማይለወጡ ፋይሎች ጉዳይ ነው። በየዕለቱ የሚለወጥና እውነተኛ ሞጁሎች ያሉት ፕሮጀክት በአንድ ማከማቻ ቢጠቀለል ሞጁሎቹ ቀስ በቀስ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ።

መላሽ፦ ለዚህ ስጋት ጄዲኬ ማለትም የጃቫ ማበልጸጊያ ኪት ጥሩ መፈተኛ ነው። በመስከረም 2017 የወጣው ጄዲኬ 9 ለጃቫ ቋንቋ የሞጁል ሥርዓት ያመጣ እትም ነው፤ የትኛው ሞጁል በየትኛው ላይ እንደሚደገፍና ምኑን ለሌሎች ክፍት እንደሚያደርግ በፋይል ተጽፎ ኮምፓይለሩ ራሱ ይቆጣጠረዋል። የዚያ እትም ምንጭ ኮድ በስምንት ማከማቻዎች ተከፍሎ ይኖር ነበር፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ሆትስፖት በአንዱ፣ የመደብ ላይብረሪዎቹ በሌላው፣ ኮምፓይለሩና ተጓዳኝ መሣሪያዎቹ በሌላው እንዲሁ። ገንቢዎቹ ለቀጣዩ እትም ለጄዲኬ 10 ስምንቱን ወደ አንድ አዋሐዷቸው። በሌላ አነጋገር ሞጁሎቹ በጠበቀ ሕግ በተለዩበት ወቅት ማከማቻዎቹ አንድ ሆኑ። ድንበሩን የሚጠብቀው ኮምፓይለሩ ከሆነ ማከማቻው ዘበኛ እንዲሆን አያስፈልግም።

ጠያቂ፦ ለማዋሐድ ያስገደዳቸው ምን ነበር?

መላሽ፦ አንድ ለውጥ በአንድ ጊዜ ሊመዘገብ አለመቻሉ ነው። በቨርቹዋል ማሽኑና በላይብረሪው ላይ አብሮ መደረግ ያለበት እርማት ቢኖር ገንቢው ለአንድ ስህተት ሁለት ኮሚት በሁለት ማከማቻ ያስገባል፤ በሁለቱ መካከል ባለችው ጊዜ ኮዱን የወሰደ ሌላ ገንቢ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሥራ ይደርሰዋል፤ ያም አይገነባም፤ ቢገነባም በትክክል አይሠራም። ጉዳቱ በዚያች ጊዜ ብቻ አያበቃም። አንድ ስህተት የገባበትን ኮሚት ለማግኘት ገንቢዎች ቢሴክት የሚባል ፍለጋ ያካሂዳሉ፤ ታሪኩን እኩል እየከፈሉ ስህተቱ ያለበትን ግማሽ ብቻ ይዘው በመቀጠል ከሺህ ኮሚቶች መካከል አሥር ጊዜ ያህል በመሞከር ጥፋተኛውን ይደርሱበታል። ታሪኩ በስምንት ቦታ ከተቀመጠ ግን የስምንቱ ማከማቻዎች የትኛው ሁኔታ ከየትኛው ጋር በአንድ ቀን ይኖር እንደነበረ መገመት ያስፈልጋል፤ ግምት ከገባበት ደግሞ ፍለጋው እምነት የሚጣልበት አይሆንም።

ጠያቂ፦ በዚህ አካሄድ ማሰሪያው ሁሉንም በአንድ ማከማቻ ማድረግ ይሆናል። ጉግል አብዛኛውን ኮዱን በአንድ ማከማቻ እንደሚያኖር ይታወቃል።

መላሽ፦ የጉግል ባለሙያዎች በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ማከማቻው 2 ቢሊዮን ያህል የኮድ መስመርና 86 ቴራባይት መረጃ እንደያዘ ገልጸዋል፤ ይህን ለመሸከም ግን ፓይፐር የተባለ የራሳቸውን ሥርዓት መገንባት ነበረባቸው። አቅሙ የሌለው ፕሮጀክት ውጤቱን ብቻ ሊቀዳ አይችልም። ከዚህም ሌላ ማከማቻን የግድ የሚለዩ ምክንያቶች አሉ፦ የፈቃድ ውሉ የተለየ ኮድ፣ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ መታየት ያለበት ኮድ፣ እንዲሁም ከዋናው ፕሮጀክት ውጭ ባሉ ሰዎች የሚጻፍና በእነርሱው ኃላፊነት የሚኖር ቅጥያ። በእነዚህ ሁኔታዎች የሚለየው የሞጁሉ ቅርጽ ሳይሆን የመብትና የኃላፊነት ልዩነት ነው።

ጠያቂ፦ ስለ ማከማቻ የተባለው ይበቃል። የልቀቱ ድንበር በምን ይወሰናል?

መላሽ፦ ቃል የተገባለት ሰው ማን ነው በሚለው ይወሰናል። ኬዲኢ የተባለው የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ፕሮጀክት እስከ 2014 ድረስ ላይብረሪዎቹን፣ ዴስክቶፑንና መተግበሪያዎቹን በአንድ ቁጥር በአንድነት ይለቅ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስቱን ለየ፤ ፍሬምወርክስ የተባሉት ላይብረሪዎች በየወሩ ይወጡ ጀመር፤ ዴስክቶፑ ፕላዝማና መተግበሪያዎቹም የየራሳቸውን መርሐ ግብር ያዙ። ምክንያቱ ቃል የተገባላቸው ወገኖች መለያየታቸው ነው፤ የላይብረሪው ደንበኛ ሌላ ፕሮግራም ጸሐፊ ስለሆነ አነስ አነስ ያለና ተደጋጋሚ እርማት ይጠቅመዋል፤ ዴስክቶፑን የሚጠቀም ሰው ግን በየወሩ የሚለዋወጥ ገጽታ አይፈልግም። በተጨማሪ ከ50 በላይ የሆኑት ፍሬምወርኮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማከማቻ ቢኖራቸውም በአንድ ቀን በአንድ ቁጥር ይለቀቃሉ። ኤክስኦርግ ፕሮቶ አንድ ማከማቻና ብዙ ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ፍሬምወርክስ ብዙ ማከማቻና አንድ ቃል ኪዳን ነው።

ጠያቂ፦ ከ50 በላይ ላይብረሪዎች በየማከማቻቸው ተቀምጠው ያልተጠላለፉት እንዴት ነው?

መላሽ፦ የጥገኝነት አቅጣጫ በደንብ ስለተወሰነ ነው። ፍሬምወርኮቹ በደረጃ ተመድበዋል፤ በአንደኛው ደረጃ ያለ ላይብረሪ በሌላ ፍሬምወርክ ላይ አይደገፍም፤ በሁለተኛው ያለው በአንደኛው ላይ ብቻ ይደገፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከታቹ ባሉትና በእኩዮቹ ላይ ሊደገፍ ይችላል። አንድ ሰው አንዲቱን የታችኛ ላይብረሪ ብቻ ቢፈልግ ሙሉውን ዴስክቶፕ ተከትሎ አይመጣበትም። ይህ ሥርዓት ለማከማቻም ለልቀትም ይቀድማል፤ ሀ በለ ላይ፣ ለም ተመልሶ በሀ ላይ የሚደገፉ ከሆነ ሁለቱ በስም እንጂ በግብር ሁለት ሞጁሎች አይደሉም፤ በሁለት ማከማቻ መለየታቸውም ችግሩን ከማጉላት በስተቀር ፋይዳ የለውም።

ጠያቂ፦ ሦስቱ የልቀት መስመሮች እስከ መጨረሻው ተለያይተው ቀሩ?

መላሽ፦ አልቀሩም። የሚደገፉበት ዋና መሠረት ኩቲ ወደ 6ኛ እትሙ በተሸጋገረ ጊዜ ሁሉም አብረው መሻገር ስለነበረባቸው የካቲት 28 ቀን 2024 ሦስቱም በአንድ ቀን ወጡ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወደየመርሐ ግብሩ ተመለሰ። መለያየት የዘወትር ሥርዓት ሲሆን፣ መሠረቱ ሲለወጥ ግን አብሮ መውጣት ለተጠቃሚው ይሻላል።

ጠያቂ፦ በአንድ ማከማቻ ውስጥ ብዙ ልቀት ያለው አነስተኛ ቡድን ይህን በተግባር እንዴት ያስኬዳል?

መላሽ፦ ታግ በተባለው ምልክት ነው፤ ታግ ማለት በታሪክ ውስጥ ለአንድ ኮሚት የሚሰጥ ቋሚ ስም ነው። አንድ ቡድን የሂሳብና የሕትመት ሞጁሎችን በአንድ ማከማቻ ቢይዝ «ሂሳብ-2.3.0» እና «ሕትመት-1.8.1» እያለ የሞጁሉን ስም በታጉ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። የቁጥሮቹም ትርጉም አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ በብዙዎች ዘንድ በተለመደው ሥርዓት የመጀመሪያው ቁጥር የሚጨምረው የተገባው ቃል ሲፈርስ፣ ሁለተኛው ቃሉ ሳይፈርስ አዲስ ነገር ሲታከል፣ ሦስተኛው ስህተት ብቻ ሲታረም ነው። ለቆየ እትም እርማት ማድረስ ሲያስፈልግ እርማቱ አስቀድሞ በዋናው ቅርንጫፍ፣ ማለትም አዲሱ እትም በሚሠራበት የለውጥ መስመር፣ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወደ አሮጌው እትም ቅርንጫፍ ይቀዳል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን በአሮጌው የታረመው ስህተት በአዲሱ ተመልሶ ብቅ ይላል። ማከማቻዎቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ አብረው የተፈተኑትን የሚመዘግብ ቦታ ያሻል፤ ኩቲ 5 በዋናነት የራሱን ኮድ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሞጁል ማከማቻ ትክክለኛ ኮሚት የሚይዝ አንድ የበላይ ማከማቻ ነበረው።

ጠያቂ፦ እስካሁን የቀረበው ሁሉ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከፍሎ እንደገና እንደሚያዋሕድ የሚያሳይ ነው። ታዲያ አስቀድሞ መመርመሩ ለምን? ጊዜው ሲደርስ ይለወጣል።

መላሽ፦ የሚለወጠውን ከማይለወጠው መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማከማቻ ሊመለስ የሚችል ውሳኔ ነው፤ ታሪክን ሳያጠፉ አንዱን ከሁለት መክፈል፣ ሁለቱንም ወደ አንድ መመለስ የሚያስችሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ጄዲኬም ኤክስ ዶት ኦርግም ይህን አድርገዋል፤ የደከሙትም በአብዛኛው ገንቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለውጭ ሰው የተሰጠ ስምና ቁጥር ግን በማይታወቁ ሰዎች ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፤ ኤክስኦርግ ፕሮቶ ከተዋሐደ በኋላም አሮጌዎቹን ስሞች መሸከም የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ሊሆን ይገባል፤ በመጀመሪያ የሞጁሎቹ ጥገኝነት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ማድረግ፣ ቀጥሎ ለማን ምን ቃል እንደሚገባና ቃሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠበቅ መወሰን፣ በመጨረሻም ማከማቻውን አብሮ የሚለወጠው አብሮ እንዲቀመጥ አድርጎ መደልደል። ይህንንም ለመለየት ያለፈውን ዓመት ታሪክ ማገላበጥ ይበቃል፤ አንድ ሥራ ለመጨረስ ዘወትር ሁለት ማከማቻ መንካት ግድ ከሆነ ሁለቱ መዋሐድ አለባቸው፤ አንዱ ሳይነካ ሌላው ለብቻው የሚለወጥ፣ የራሱ ደንበኞችም ያሉት ከሆነ የራሱ ልቀት ይገባዋል።

ጠያቂ፦ ከዚህ አንጻር ሲታይ በመጀመሪያው ጥያቄ የቀረበው አስተያየት ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ ለመለወጥ ቀላሉን አስቀድሞ ወስኖ፣ ከባዱን ከእርሱ እንዲከተል ያደርጋል።

መላሽ፦ በማከማቻ ብዛት ላይ ለወራት የተከራከረ ቡድን የመጀመሪያውን ልቀት ስምና ቁጥር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲወስን የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክርክሩ የሚገባው ግን ለሁለተኛው ነበር።